የመንኮራኩሯን በር የተሳለሙት የአቶ ተክለ ማርያም ዘለቀ የሕይወት ታሪክ

በቶሮንቶ ሠርግ ቤትም ሆነ ልቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ወሬ ሰምቶታል። «ዘጠነኛው ወደብ» በተባለው ዝነኛ የሕዋ ፊልም ላይ፣ ወደ መንኮራኩሯ ከመግባቱ በፊት ጀርባውን እንደ ሰጠ እጁን የሚያነሣው ነጭ ለባሽ ሰው የአቶ ተክለ ማርያም የስደት ጓደኛ አቶ ሳሙኤል ናቸው ይባላል። ያልሰማ ቢኖር አቶ ሳሙኤል ራሳቸው ይነግሩታል። ዛሬ ግን ቀኑ የአቶ ተክለ ማርያም ነውና ከእሳቸው እንጀምር።

አቶ ተክለ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ዘለቀ ገብረ ጻድቅና ከእናታቸው ከወ/ሮ አሰገደች ምትኩ በ1950 ዓ.ም. በአሰላ ከተማ ተወለዱ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውንም በዚያው ተከታተሉ። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳይሳለሙ አልፈው አያውቁም፤ ይህ ልማድ ኋላ ምን እንዳመጣባቸው ይነገራል። በ1971 ዓ.ም. ተሰደው ካርቱም ሲገቡ፣ አንድ ክፍል የተጋሯቸው አቶ ሳሙኤል ነበሩ። በ1974 ዓ.ም. ሁለቱም በስፖንሰር ካናዳ ደረሱ።

በጥር ወር 1975 ዓ.ም. ሁለቱ ጓደኛሞች ዕቃ ለማራገፍ ኢቶቢኮ ወደሚገኝ አንድ መጋዘን ተላኩ። መጋዘኑ ግን ፊልም የሚቀረጽበት ሆኖ ተገኘ። በበረዶው ምክንያት ሥራ ላይ ያልደረሱ ተዋንያን ነበሩና፣ ዳይሬክተሩ ሁለቱን ቀጫጭን ሐበሾች ሲያይ ነጭ ልብስና የራስ ቁር አስለበሳቸው። በየተራ እንዲሠሩት የታዘዙት ቀላል ነበር፤ ወደ መንኮራኩሯ መሄድ፣ ቆም ብሎ እጅ ማንሣት፣ መግባት። መጀመሪያ አቶ ሳሙኤል ሠሩ፤ ምንም አልሳቱም። ቀጥለው አቶ ተክለ ማርያም ሄዱ፣ እጃቸውን አነሡ፣ በሩ ላይ ሲደርሱ ግን እንደ ለመዱት አማተቡና ጎንበስ ብለው መቃኑን ተሳለሙ። የራስ ቁራቸው ከብረቱ ጋር ሲጋጭ እንደ ደወል ጮኸ። መጋዘኑ በሳቅ አለቀ።

ፊልሙ ሲወጣ እጅ ማንሣቱ አለ፤ መሳለሙ የለም። ስለዚህ ሰው ሁሉ፣ አቶ ተክለ ማርያምም ጭምር፣ የእሳቸው ተቆርጦ ተጣለ፣ የቀረው የሳሙኤል ነው ብሎ ደመደመ። በጨዋ ቋንቋ «ቅር ተሰኙ» ማለት ይቻል ነበር። የያዛቸው ግን ቅናት ነው፤ ሳይደብቁት ነው የኖሩት።

ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ጡረታ እስከ ወጡበት እስከ 2014 ዓ.ም. የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ሆነው አገልግለዋል። በ1984 ዓ.ም. ከወ/ሮ ፋናዬ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ብሩክታዊትንና ጸጋአብን ወለዱ። በገዛ ሠርጋቸው ላይ እንኳ መድረክ መሪው ማይኩን ይዞ «ሕዋ የገባው የመጀመሪያው ሐበሻ ዛሬ ሚዜ ሆኖ ከኛ ጋር ነው!» ሲል አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሙሽራው ተቀምጠው ቀሩ። የሠርጉ ቪዲዮ ላይ ፊታቸው በግልጽ ይታያል።

ፍሌሚንግደን ፓርክ ባለው ቤታቸው ፊልሙ በየዓይነቱ አለ። ካሴቱ ሲወጣ ገዙ፤ ዲስኩ ሲወጣ ገዙ። «የተቆረጡ ትዕይንቶች ተጨምረውበታል» የተባለው ሲወጣማ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥኑ ሥር ዋሉ። የእሳቸው አልነበረም። ያን ጊዜ ታዲያ ፊልሙን የአቶ ሳሙኤል ጀርባ ላይ አስቁመው ስሕተት ይፈልጉ ነበር።

«እስቲ እዩት! ይሄ እጅ ማንሣት ነው? አውቶቡስ ያመለጠው ሰው ነው የሚመስለው። ትከሻውስ? ዘመም!»

«አንተ ሰውዬ፣» ይሏቸዋል ወ/ሮ ፋናዬ ከማዕድ ቤት፣ «ያንተስ ትከሻ መቼ ቀንቶ ያውቃል?»

የፊልሙ አድናቂዎች ዳውንታውን በጠሩት ስብሰባ ላይ አቶ ሳሙኤል ፎቶ ላይ ሲፈርሙ በዋሉ ጊዜ፣ አቶ ተክለ ማርያም ለወራት ስልካቸውን አላነሡላቸውም። ኋላ አቶ ሳሙኤል ከሴንት ጄምስ ታውን ድረስ መጥተው በር ላይ ቆመው «ተክሌ፣ በቁምህ ልቅሶ ልቀመጥልህ ወይ?» ቢሏቸው ከፈቱላቸው። ወዳጅነታቸው እንዲህ ነበር። አቶ ተክለ ማርያም የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሳሙኤል ዓይኑ እያየ፣ እሳቸውም በዚያ ፊልም ውስጥ እንደ ነበሩ እንዲያምንላቸው።

ባለፈው ጥቅምት፣ ለሕዝብ ታይቶ የማያውቀው የፊልሙ የመጀመሪያ ረቂቅ ቅጂ በአንድ ማከማቻ መገኘቱ ተሰማ። ልጃቸው ብሩክታዊት ያልደወለችበት ቢሮ የለም። በመጨረሻ ቅጂው ለሽያጭ እንደማይወጣ፣ ለቤተሰቡ ግን ማክሰኞ ኅዳር 16 ቀን እንደሚታይ ነገሯት። አቶ ተክለ ማርያም በዚያን ጊዜ በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ወሬው ሲነገራቸው መጀመሪያ የጠየቁት «ሳሙኤልስ ይመጣል?» ብለው ነው።

አቶ ሳሙኤል አልጋው አጠገብ ተቀምጠው «አብረን ነው የምናየው» ሲሏቸው፣ «አንተማ ስትታይ ኖረሃል፤ ማክሰኞ ዝም ብለህ እኔን ታያለህ» ብለው መለሱላቸው።

አቶ ተክለ ማርያም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ፋናዬን፣ ልጆቻቸውን ብሩክታዊትንና ጸጋአብን፣ እንዲሁም ከወንድም የማይለዩአቸውን አቶ ሳሙኤልን ትተው ሄደዋል። ደጁን ሳይሳለሙ ያላለፉትን አባታችንን፣ እግዚአብሔር ደጁን ከፍቶ ይቀበልልን።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ሊላክ ሲል ማክሰኞ ደረሰ። ወ/ሮ ፋናዬና አቶ ሳሙኤል ከልጆቹ ጋር ሄደው አዩ። በረቂቁ ቅጂ ትዕይንቱ ሳይቆረጥ ይሄዳል። ነጭ ለባሹ ይራመዳል፤ ዓለም የሚያውቀውን ያን እጅ ያነሣል፤ ካሜራው ሳይለቀው ያማትባል፣ ጎንበስ ብሎ መቃኑን ይሳለማል፣ የራስ ቁሩም ከብረቱ ጋር ይጋጫል። ለሕዝብ በወጣው ፊልም ላይ መቀሱ ያረፈው ከማማተቡ በፊት ነበር። አቶ ሳሙኤል «እስቲ መልሱልኝ» ብለው አስደገሙት፤ ሲያልቅም ባርኔጣቸውን አወለቁ። አቶ ተክለ ማርያም ከአርባ ዓመት በላይ የቀኑበት ያ ዘመም ያለ ትከሻ የራሳቸው ነበር።