አፈ ደረቁ ቀዳሽ

ሰኞ፣ በፍልሰታ

ዛሬም ዜማው መሐል ላይ ምላሴ ከላንቃዬ ተጣበቀ። «ሰላም ለኩልክሙ» ለማለት እንኳ ምራቅ ያስፈልጋል፤ ጤነኛ ሰው ይህን አያውቅም። ዋናው ቀዳሽ መምሬ ተሰማ ዞረው ቢያዩኝ ሳል የያዘኝ አስመሰልኩ።

ደሴ ያየኝ ሐኪም መስቀል መያዜን እያየ «ጓድ» ይለኛል። «ሰውነትዎ ራሱን ነው የሚወጋው፤ ምራቅ የሚያፈልቀውን ቦታ ጠላት ብሎ ይዞታል። የሚያድን መድኃኒት የለንም። ውሃ ከእጅዎ አይለይ» አለኝ። ራሱን የሚወጋ ሰውነት! ከአገሩ ተምሮ ይሆናል።

ቀዳሽ ደግሞ ከማታ ጀምሮ ውሃ አይቀምስም። በፍልሰታ ቅዳሴው የሚያልቀው ከሰዓት በኋላ ነው።

ማክሰኞ

ጠዋት ጣቶቼ አልታጠፍ አሉ፤ የዕጣኑን ጽና በሁለት እጄ ያዝኩት። ዓይኔ አሸዋ የገባበት ያህል ይቆረቁረኛል። አንድ ጥርሴ ደግሞ ተሸረፈ። ቆሎ ከተውኩ ቆየሁ፤ እንጀራውም በወጥ ካልራሰ አይወርድልኝም። ባለቤቴ ጥሩነሽ ሽሮውን እያቀጠነች «ይችን እንኳ ይዋጡልኝ» ትለኛለች።

ደጅ ዝናቡ ይወርዳል። በዚህ ክረምት በመካነ ሰላም ውሃ የጠማው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ከቅዳሴ ስንወጣ ሴቶቹ የተሰነጠቀ ከንፈሬን አይተው በወሎኛቸው «ወላሂ፣ ጾም እንደሳቸው ነው! ጻድቅ ናቸው» ሲባባሉ ሰማሁ። ጻድቅ! ክህነቱን በአንድ ጣሳ ውሃ መለወጥ የሚያምረው ጻድቅ።

ረቡዕ

ለመምሬ ተናገርኩ። የነፍስ አባቴም እሳቸው ናቸው።

«መምሬ፣ ከመቅደስ ልውጣ። አልቻልኩም።»

እሳቸውም፦ «ለበሽተኛ ውሃ እፈቅዳለሁ፣ ልጄ። ለቀዳሽ ግን ማን ይፈቅዳል? አንተ ከወጣህ ደግሞ አራት ቀረን።»

እውነታቸውን ነው። ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን ካልሞላ ቅዳሴ የለም። ከዲያቆናቱ ገሚሱ ለውትድርና ተወስዷል፣ ገሚሱ ሸሽቷል። «እስከ ፍልሰታ ፍቺ እችላለሁ» አልኩ። ዋሸሁ።

ሐሙስ

ከቀሩን ሦስት ዲያቆናት አበጀን ለውትድርና ወሰዱት። ለእናቱ ጨው ሊገዛ ገበያ እንደወረደ አፍሰው በጭነት መኪና ጫኑት። መምሬ ደጀ ሰላም ቁጭ ብለው «በቃ፣ ቅዳሴ የለም» አሉ። ወደ እኔ ዞረው ደግሞ «አንተም እንግዲህ ውሃህን ጠጣ» አሉኝ።

ቤት ገብቼ ጠጣሁ። አንድ ጣሳ፣ ደግሞ ሌላ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። የሰው ልጅ ወደ ጦርነት እየተጫነ እኔ ደስ አለኝ! ጣሳውን ሳስቀምጥ አፌ ተመልሶ ደርቋል።

ዓርብ

የአበጀ እናት እትዬ የሺ መጡ፤ ለልጃቸው ጸሎት ፈልገው። ሲገቡ ጣሳው እጄ ላይ ነው። በጾም፣ በጠዋት። ጣሳውን አዩ፣ እኔን አዩ። በሽታውን ከየት ጀምሬ ልንገራቸው?

«ታምሜ ነው፣ እትዬ» አልኩ።

«አውቃለሁ፣ አባቴ። አበጀ ነግሮኛል። ድምፅዎ ሲያጥርብዎ የራሱን ዜማ እያስረዘመ ያሳርፍዎ ነበር። እንግዴህ ማን ያሳርፍዎ?»

እኔ ግን ልጁ ዜማ የሚያስረዝመው ድምፁን ሊያሳይ ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም ተቆጥቼው አውቃለሁ።

ተነሥቼ ጸሎቱን ጀመርኩ። ስሙን ልጠራ ስል ምላሴ ተጣበቀ። እትዬ የሺ ጣሳውን አንሥተው በሁለት እጃቸው አቀበሉኝ። ጠጣሁ። ስሙን ጠራሁት።