እናቴ በሳሙና ስለምታጥበው አፈር

ለተከበሩ የአካባቢ ጽዳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? እኛ፣ ከነዳጅ ማከማቻው አጥር ሥር የምንኖር ጎረቤቶች፣ ከሽታው በቀር ደኅና ነን። የማከማቻው ቧንቧ ፈንድቶ ናፍጣው በእናቴ ጓሮ ላይ በተኛ ጊዜ ሳይውሉ ሳያድሩ ሠራተኞችዎን ስለላኩልን በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሣሁ።

፩. ሠራተኞችዎ የተበከለውን አፈር ዝቀው ይወስዱልናል ብለን ስንጠብቅ፣ በላዩ ቀይ አፈር አልብሰው፣ ረግጠው፣ ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። ገመናችንን ስለሸፈኑልን እግዜር ይስጥልን።

፪. ከመካከላቸው አንዱ ባለሙያ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ይሄ ተቆፍሮ ካልወጣ አይሆንም» ብሎኝ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ አሉ። በዕድገቱ ደስ ብሎናል።

፫. ዝናብ ሲመጣ ናፍጣው ከሥር ተነሥቶ ተንሳፈፈ። ቢሮዎ ድረስ ብመጣ ጸሐፊዎ ፈገግ ብላ «ወንድሜ፣ እኛ ጋ እኮ ጸድቷል» አለችኝ። እውነቷን ነው። እናንተ ጋ ጸድቷል፤ የቀረው እኛ ጋ ብቻ ነው።

፬. እናቴ ጎመኗ ከሥሩ ጠቁሮ ሲሞት አላለቀሰችም። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ አውጥታ አፈሩን በእፍኝ እየዘገነች በሳሙና ማጠብ ጀመረች። «እማዬ፣ አፈር እኮ አይታጠብም» ብላት፣ «ታዲያ ማን ሊያጸዳልኝ ነው? አንተ ዝም ብለህ ውሃ ቅዳ» አለችኝ። ቀዳሁ። ሌላ ምን አቅም አለኝ? እጇ ተላልጧል። ያጠበችውን ጨርቅ ላይ ታሰጣለች፤ ሲደርቅ ታሸተዋለች፤ ፊቷ ይጠቁርና መልሳ ትነክረዋለች። ጓሮውን ለመጨረስ ዕድሜዋ እንደማይበቃት ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ።

ትናንት ከታጠበው አፈር ጥቂቱን በጣሳ አድርጋ ዘር ዘራችበትና «ይበቅል ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ዓይኗን እያየሁ «ይበቅላል» አልኳት። ክቡርነትዎ፣ እንዲህ ያለውን መልስ ሳይንተባተቡ መስጠት ከጽሕፈት ቤትዎ የቀሰምኩት ትምህርት ነውና ውለታዎን አልረሳም።

በታላቅ ትሕትና እጅ እየነሣሁ፣
በመዝገብዎ ንጹሕ፣ በጫማው ሥር ግን ጥቁር የሆነው ታዛዥዎ፣
የአጥሩ ሥር ልብስ ሰፊ

ማሳሰቢያ፦ ለጉብኝት ብቅ ካሉ በጓሯችን ሲጋራ እንዳይለኩሱ አደራ። መሬቱ መጽዳቱን ገና አልሰማም።