ሁለት የወይራ ቁራጮች

ቆቦ
ጥቅምት 21 ቀን 1979 ዓ.ም.

ይድረስ ወለጋ ሰፈራ ለምትገኚው ለልጄ ለኡሙሃኒ አራጌ፤

አሰላሙ ዓለይኩም ሆዴ። ደብዳቤሽ አርባ ቀን መንገድ ላይ ሰንብቶ ባለፈው ማክሰኞ እጄ ገባ። ባልሽ ነጅሙዲን ከወባው መነሳቱን፣ ትንሿ ዚነትም ሁለት ጥርስ ማብቀሏን አንብቤ አላህን አመሰገንኩ። እኔም ከፊት የቀሩኝ ሁለት ናቸው፤ እኩያ ሆነናል በያት።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ትርንጎ፣ አፏ መቼ ያርፋል፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «አያ አራጌ፣ ለሚያውቅ ሰው ስጠውና ይጻፍልህ፤ የአንተን ፊደል ለቅማ እስክትጨርስ ልጅቱ ትሸብታለች» አለችኝ። በመሠረተ ትምህርት ከኋላዬ ተቀምጣ ከእኔ ደብተር ስትገለብጥ የከረመች ሴት! የማስጽፈው ሰው አጥቼ አይደለም። በሌላ ሰው እጅ የማይጻፍ ነገር ስላለኝ ነው።

ዘንድሮ ዝናቡ አልከፋም። የሆርማት ወንዝን ጎርፍ ጠልፈን አጠጥተን ማሽላው ራሱን ደፍቷል። የእናትሽን መቃብር በእሾህ አጥሬዋለሁ፣ ከብት አይረግጠውም፤ በዚህ አታስቢ። አጥሩ ሥር ያለው ጥንቅሽ ከእኔ ቁመት አልፏል። የማኝክበት ጥርስ የለኝም፣ እንደ ድሮው ተደብቆ የሚቆርጠውም የለም። ትርንጎ «ለላሜ ልቁረጠው?» ብትለኝ እንቢ አልኳት። «ለማን ነው የምታስቀምጠው ታዲያ?» አለችኝ። ስለ ሌላ ሌላው ወሬ አልጽፍም፤ ወረቀት እስኪደርስ ብዙ ዓይን ያየዋል።

ወደ ጉዳይሽ ልግባ። ደንበኛዬ እሸቴ ወንድሙን ሊጠይቅ ወደ እናንተው ሰፈራ የይለፍ ወረቀት አግኝቷል፤ ሐሙስ ይነሳል፣ ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ እሱ ነው። የጻፍሽውን አራት ጊዜ አነበብኩት። የሰፈራው የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ሠራተኛው ጥሎት ከሄደ ወዲህ ቆሟል። አንቺ «እኔ አውቀዋለሁ» ብለሽ ተነሳሽ፣ ሊቀመንበሩ ሳቀብሽ። ከሳቀ በኋላ ግን ቀን ሰጠሽ። እስከ ኅዳር 12 ለትምህርት ቤቱ ወንበር የሚሆን ቀጥ ያለ ሳንቃ ካወጣሽ ማሽኑ ያንቺ ሥራ ይሆናል፣ ልጅሽን ጥላ ሥር አስተኝተሽ ትሠሪያለሽ። ካላወጣሽ ማሽኑ ለሌላ መንደር ይሰጣል፣ አንቺም ወደ ምንጠራው ትመለሻለሽ። ዚነትን አዝለሽ በዚያ ዝናብ ደን ስትመነጥሪ አይታየኝም። አይታየኝም ስል ማየት አልፈልግም ማለቴ ነው እንጂ ሁልጊዜ ይታየኛል።

ምላጩ እርጥብ ግንድ ውስጥ ሲገባ ወደ ግራ ይሸሻል፣ ሳንቃው አንዱ ጫፍ ወፍራም አንዱ ጫፍ ስስ ሆኖ ይወጣል፣ ሁለት ጊዜም ከመዘውሩ ወልቆ ወደቀ ብለሻል። እርጥብ እንጨት ነገሩ እንዲህ ነው። ደረቁ ገና ሲነኩት ይጮኻል፣ ጠባዩን ታውቂዋለሽ። እርጥቡ ይለሳለስልሽና ውስጥ ውስጡን ይይዝሻል። ቀረሮ የምትይውን ዛፍ እኔ አላውቀውም፤ ግን ውሃ ያለበት እንጨት ሁሉ ዘመዳሞች ናቸው።

መጀመሪያ ሞተሩን አጥፊ፣ ቺንጊያውንም ፍቺው። ሞተሩ ጠፍቷል ብሎ እጁን የሰደደ ሰው አውቃለሁ፤ ዛሬ በግራ እጁ ነው የሚጎርሰው። ከዚያ ክዳኑን ከፍተሽ ምላጩ የሚሮጥባቸውን ሁለቱን መዘውሮች እዪ። የለበሱት ጎማ መሐሉ ላይ በጣም ጥቂት ጎበጥ ያለ ነው። ምላጩ ቦታውን የሚያውቀው በዚያ ጉብታ ነው። እርጥብ ሰጋቱራ ከእንጨቱ ሙጫ ጋር እዚያ ላይ ይጋገርና ጉብታውን ይደፍነዋል፤ ያን ጊዜ ምላጩ የት እንደሚቀመጥ ይጠፋዋል። በላምባ አርጥቢውና በእንጨት ፋቂው። በቢላ እንዳትነኪው፤ ጎማው ቢቆረጥ እዚያ አገር ማን ይተካልሻል?

ቀጥሎ ምላጩን ግራና ቀኝ የሚይዙትን መያዣዎች አርቂያቸው፣ ከኋላው ያለውን ኩሽኔታም እንዲሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ምላጩ ሲሸሽበት በመያዣ ሊጨቁነው ይሞክራል። ምላጩ ማንም ሳይነካው ብቻውን ቀጥ ብሎ መሮጥ አለበት። ደህና አድርገሽ ወጥሪው። የላይኛውን መዘውር በእጅሽ እያዞርሽ ማዘንበያውን ብሎን ሩብ ዙር፣ ሩብ ዙር አጥብቂው፤ ምላጩ ወደ ፊት ከመጣብሽ መልሺው፣ ወደ ኋላ ከሄደ አምጪው። አሥር ጊዜ አዙረሽ ከመሐል ካልተነቃነቀ ያን ጊዜ ክዳኑን ዝጊ፣ ሞተሩን አስነሺ።

ወደ ግራ መሸሹ ግን ሌላም ነገር ይመስለኛል። ቆሞ ሳለ ጥርሶቹን በጥፍርሽ ዳብሺ። ድንጋይ ወይም ምስማር ነክቶት የቀኙ ጥርስ ደንዞ ከሆነ፣ ምላጩ መቁረጥ ወደሚቀለው ወደ ግራው ይሄዳል። ሁሉንም እኩል ሞርጂ፤ የቀኙን ብቻ አይደለም። ለእርጥብ ግንድ ደግሞ ጥርሱ ወዲያና ወዲህ ከወትሮው ከፈት ይበል። አለዚያ እርጥቡ ሰጋቱራ መውጫ አጥቶ ጥርሶቹ መሐል ይታጨቃል፣ ምላጩ ይግላል። የጋለ ይረዝማል፣ የረዘመ ይላላል፣ የላላ ይወልቃል። ሁለት ጊዜ ወደቀ ያልሽኝ በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አሁን ወደ መያዣዎቹ ልመለስ። እዚህ ላይ ብዕሩ እንቢ ብሎኝ ትናንት ትቼው ተነስቼ ነበር።

እሸቴ በር ሊያሠራ ከዞብል ተራራ ሥር ያመጣው እርጥብ ዋንዛ ትዝ ይልሻል? በሰባ ስድስት፣ ሰኔ ላይ። የማሽኔ የብረት መያዣ አልቆ በወይራ ቁራጭ የተካሁት ያን ሰሞን ነበር። ጠዋት እንደ ምላጭ ጫፍ ቀጥ ያለ ሳንቃ ያወጣልኝና ቀትር ሲደርስ ማሽኑ ማልቀስ ይጀምራል፣ ሳንቃው ይጣመማል። አንቺ የናፍጣውን ጀሪካን ይዘሽ ቆመሻል።

«አባ፣ ድምፁ ተለውጧል» አልሽኝ።

«ምላጩ ነው።»

«ምላጩ አዲስ ነው አባ። መያዣዎቹ ናቸው። የዋንዛውን ውሃ ጠጥተው አብጠዋል፤ አንቀውታል። አውጥተን እናድርቃቸው።»

«ወይራ ውሃ አይጠጣም!»

እሸቴ ከት ብሎ ሳቀ። «ኧረ ስማት አያ አራጌ! ማሽኑን ለእሷ ስጥና አንተ ናፍጣ ተሸከም!»

ያ ሳቅ ነው ያሳበደኝ። በሰው ፊት፣ አንቺ በወጉ ቀና ብለሽ እንኳ ሳታዪኝ፣ «ከዛሬ ጀምሮ እግርሽ ከዚህ ሥራ ቤት ደጃፍ እንዳያልፍ» አልኩሽ። አንቺም የእኔው ልጅ ነሽ፤ ቃሌን ያዝሽው። ምሳዬን ደጃፉ ድንጋይ ላይ እያስቀመጥሽ «አባ፣ ምሳህ» ትዪና ትሄጃለሽ። እናትሽ ዓሊማ ያረፈች ዕለት እንኳ ልትነግሪኝ መጥተሽ ያቺን ደጃፍ አላለፍሽም። ውጭ ቆመሽ ነው ያለቀስሽው። እኔ ደግሞ «ግቢ» የምትል አንድ ቃል አፌ ውስጥ ይዤ ቆምኩ።

በሰባ ሰባት ጥር የሰፈራው መኪና የመጣ ጊዜም እዚያው ድንጋይ ላይ ቆመሽ «አባ፣ ሄድኩ» አልሽ። ሦስት ጊዜ ነው ያልሽው። ሞተሩ እየጮኸ አልሰማኋትም ብዬ ለመንደሩ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ትርንጎ ስትቆጣኝም ይህንኑ ነው ያልኳት። ሰምቼሻለሁ ልጄ። ሦስቱንም ሰምቻለሁ። ማሽኑ ላይ ግንድ አልነበረም፤ ባዶውን ነበር የማስሮጠው።

ይኸውልሽ፣ ዘንድሮ መስከረም ላይ እሸቴ ሌላ እርጥብ ዋንዛ አመጣ። ያው ሆነ። ምላጩን ሰደብኩ፣ ናፍጣውን ሰደብኩ፣ ዛፉን የቆረጠውን ሰው ከነአባቱ ሰደብኩ። እሸቴ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። አለመሳቁ ከሳቁ ባሰብኝ። ሲሄድልኝ መያዣዎቹን ላወጣ ብሞክር ጠዋት በጣቴ የሰካኋቸው በመዶሻም አልወጣም አሉ። ከነብረት ቤታቸው ፈትቼ ጣሪያው ላይ ለፀሐይ ሰጠኋቸው። በአራተኛው ቀን የብረት ቤቱን አንስቼ ብገለብጠው ሁለቱም ዱብ፣ ዱብ ብለው መሬት ላይ ወደቁ። እዚያው ቁጭ አልኩ። ትርንጎ በአጥሩ በኩል አይታኝ «ምነው አያ አራጌ፣ የቀሩት ሁለቱም ወደቁ እንዴ?» አለችኝ። ጥርሴን ማለቷ ነው።

ስለዚህ ልጄ፣ ወይራ ውሃ ይጠጣል። ይኸው በእጄ ጻፍኩት። ለእሸቴም ነግሬዋለሁ፤ በሱ ፊት ያልኩሽን በሱ ፊት ነው መመለስ ያለብኝ።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። በደንብ ካደረቅኋቸው በኋላ በበግ ሞራ በቀስታ እሳት ሙሉ ቀን ቀቀልኳቸው። ሞራ የጠገበ እንጨት ለውሃ ቦታ የለውም። ሌላ እርጥብ ግንድ ሰንጥቄባቸው ከጠዋት እስከ ማታ ድምፁ አልተለወጠም። እሸቴ የያዘልሽ እነዚህኑ ነው፣ በነጠላ ጨርቅ የጠቀለልኳቸው ሁለቱ ቁራጮች። ለማሽንሽ ቤት ከወፈሩ በሞረድ ቀንሺያቸው፤ የቀነስሽውን ጎን ግን እንደገና ሞራ አጠጪው።

አገጣጠሙ እንዲህ ነው። የላይኛውን መያዣ ከግንዱ በላይ ሁለት ጣት ብቻ እስኪቀር አውርጂው። ምላጩ ነጻ ሆኖ የሚሮጥበት በበዛ ቁጥር እርጥብ እንጨት ውስጥ ይዋኛል። ቁራጮቹ ከጥርሱ ሥር ኋላ ይሁኑ፤ ጥርስ ከነኩ ጥርሱም እነሱም ይበላሻሉ። በምላጩና በቁራጩ መሐል አንድ ወረቀት የምታልፍበት ክፍተት ተዪ፣ በግራም በቀኝም። የኋላው ኩሽኔታም እንዲሁ ነው። ማሽኑ ባዶውን ሲሮጥ መዞር የለበትም፤ እንጨቱ ምላጩን ሲገፋው ብቻ ይዙር። ግንዱን ደግሞ አትግፊው፣ ሸኚው። የተሰነጠቀው ተመልሶ ምላጩን እንዳይነክስ ከኋላው ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ አስገቢለት። የቀረውን ጆሮሽ ይነግርሻል። ጆሮሽ ከእኔ ይበልጣል፤ ድሮም ይበልጥ ነበር።

ሊቀመንበሩ ሳይመጣ ቀድመሽ ሞክሪ። የመጀመሪያውን ሳንቃ ለማንም አታሳዪ፣ ማገዶ አድርጊው። ሁለተኛውን አሳዪ።

እሸቴ ጥቅሉን ሲቀበለኝ «የአንተ ማሽንስ በምን ይሠራል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ይረፍ» አልኩት። ወይራ ጠፍቶ አይደለም፣ ጉልበትም አላጣሁም። አንድ ሰው ውጭ ሆኖ ድምፁን ካልሰማልኝ ማሽኑ ደህና ይሁን አይሁን አላውቅም፤ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ተማርኩ።

አላህ ጣቶችሽን ከጥርሱ ይጠብቅልሽ። ነጅሙዲንን ከወባ ያድንልሽ። ዚነትን በእርጥብ አገር ሳይሆን በአያቷ ጥንቅሽ ሥር ያሳድጋት። ሳንቃሽ ቀጥ ይበል። ዱዓዬ ከቆቦ እዚያ ድረስ ካንቺ ጋር ነው፤ እሱ የይለፍ ወረቀት አይጠየቅም።

አባትሽ
አራጌ ሰይድ

ከዚህ በታች ያለው ነጭ ወረቀት የምጽፈው አጥቼ የተውኩት አይደለም። ለመያዣዎቹ መለኪያ ነው፤ ቀደሽ በግራም በቀኝም አሳልፊው። የሥራ ቤቱን ደጃፍ ድንጋይ ነቅዬ ጥዬዋለሁ። የመጣሽ ዕለት ውጭ የምትቆሚበት የለም። ግቢ።