የጋሼ ሙላቱ ድምፅ አይሰማም

ሰኞ

ለፎቶ! ለፎቶ ነው አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የራዲዮ ክበባችን አባላት ማታ አንድ ሰዓት ሲሆን በየቤታችን ራዲዮ ከፍተን እንጠራራለን። ስም ጠሪዋ እኔ ነኝ። የተጠራው «አለሁ» ይላል፣ እኔም ድምፁ እንዴት እንደሚሰማ እነግረዋለሁ። ዛሬ ገና ስም ሳልጀምር የመኪና ድምፅ መጣ። ከዚያ የሊቀ መንበራችን የጋሼ ሙላቱ ሳቅ። ለካ የእጅ ራዲዮው የመናገሪያ ቁልፍ ተጭኖ ቀርቶበታል። ከጠዳ ወደ አዘዞ እየነዳ ከወዳጁ ጋር የሚያወራው ሁሉ በየቤታችን ገባ። ቁልፉ ተጭኖ ሳለ እሱ እኛን መስማት አይችልም፤ ብንጮህም ዋጋ የለውም። ቁጭ ብለን ሰማነው።

«እሁድ የመጀመሪያውን ቃል የምናገረው እኔ ነኝ» አለ። «ስንዱን ከጎኔ አቁመን ፎቶ እንነሳለን። ሴትም አለችን ለማለት ነው እንጂ የሷን ድምፅ ማን ይሰማዋል?»

ሳቀ። ወዳጁም ሳቀለት።

እሁድ ማለት እኮ የኔ የስንዱ ቀን ነው። ከደባርቅ በላይ ጋራው ላይ ድምፅ ተቀብሎ ወደ ማዶ የሚያሻግር ማሽን አቁመናል። እሁድ ይከፈታል። ንድፉን የሠራሁ እኔ። ብረቱን በበቅሎ ሲጭኑ አብሬ የወጣሁ እኔ፣ ያውም በዝናብ፣ ያውም ከተማሪዎቼ የፈተና ጊዜ ሰርቄ። ክበቡ በስብሰባ እጅ አውጥቶ ወስኗል፦ የመጀመሪያውን ጥሪ ስንዱ ታደርጋለች፣ የምትጠራውም አባቷን ነው።

አባባ ዛሪማ ነው። መሪጌታ ነው፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ድጓ ያስተምራል። በኛና በሱ መካከል ያ ሁሉ ተራራ አለ። ኔትወርክ ሲጠፋ ይጠፋል፤ ባለፈው ታሞ ተኝቶ እኔ የሰማሁት ከተነሳ በኋላ ነው። የእጅ ራዲዮ ሰጥቼው እንዴት እንደሚይዝ አስተምሬው መጥቻለሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይከፍተዋል፣ ይጠብቀኛል። ያን ነው «ማን ይሰማዋል» ያለው።

በኋላ ቁልፉ ራሱ ተመለሰና ስም ጠራሁ። ምን ላድርግ? ሁሉም «አለሁ» ብሎ ቶሎ ቶሎ ዘጋ። ባንክ ቤት የሚሠራው ዲያቆን ዘውዱ በስልክ ጻፈልኝ፦ መሰማቱን አያውቅም፣ እንዳትነግሪው፣ ያፍራል። ይፈር እንጂ! ያፍራል ተብሎ እኔ ልዋረድ?

እዚህ ደብተር ላይ አንቱ አልለውም። በአፌ የማከብረው ይበቃዋል።

ማክሰኞ

አደረግሁት። አስቤበት አልነበረም፣ በእግዚአብሔር።

ማታ ስሙን ጠራሁ። «አለሁ!» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ እንደ ሁልጊዜው። አፌ በራሱ ሄደ።

«ጋሼ ሙላቱ፣ አሉ? ድምፅዎ አይሰማም።»

ደግሞ «አለሁ!» አለ፣ ጮክ ብሎ። ጆሮዬ ሊበጠስ። «የለም፣ አይሰማም» አልኩ። «ዘውዱ፣ አንተ ጋ ይሰማሉ?»

አሁን አዋረደኝ አልኩ። ከዚያ ዘውዱ ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «እኔም ጋ የሉም» አለ።

እሰይ! የሰኞውን ሁሉም ሰምቶታልና ሁሉም ገባው። አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው፣ አንድ በአንድ «የሉም» አሉ። የፈራሁት አያ ጀንበሬን ነበር። ማሽኑ የቆመበት ጋራ ሥር፣ በኛ በኩል፣ የሚያርሱ፣ ማሽኑንም የሚጠብቁልን ሽማግሌ ናቸው፤ ውሸት አይወጣቸውም። እሳቸውም «እዚህ ንፋሱ በርትቷል ልጄ» አሉ። ንፋሱ እውነት ነው፣ እዚያ መቼም ንፋስ አለ።

ወዲያው ጋሼ ሙላቱ ስልክ ደወለልኝ። ምን ሆኖ ነው፣ ትናንት ደህና ነበር አለኝ። እንጃ ጋሼ፣ ኬብሉን ይዩት እስቲ አልኩት።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እራቴን በላሁ።

ረቡዕ

ጣራ ላይ ነው! ዘውዱ በጋሼ ቤት በኩል ሲያልፍ አይቶት ነገረኝ። ሙሉ ቀን ጣራ ላይ።

እስከ ማታ ያደረገውን እኔው በስልክ እየጠየቅሁ ለቅሜዋለሁ። ኬብሉን ቆርጦ በአዲስ ቀየረ። ባትሪ ቀየረ። አንቴናውን ወደ አዘዞ አዞረ፣ ወደ ፋሲል ግንብ መለሰ፣ እንደገና ወደ አዘዞ። የጎረቤቱን ባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ለምኖ አስቆረጠ። የሰውየው ዛፍ ምን በደለ?

ማታ ጠራሁት። «አለሁ፣ አሁንስ?» አለ። ጥርት ያለ ድምፅ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ነው የሚመስል። እኔም «ቆይ... አንድ ሹክሹክታ ነገር ነበረች... ጠፋች» አልኩት። ዓይኔን በጨው አጥቤ። ዘውዱ ሳቁን መያዝ አቅቶት ራዲዮውን ዘጋ።

ኢንጂነር ነው እኮ። ስንት ዓመት ያስተማረ፣ በስብሰባ ላይ እኔ ስናገር ሰዓቱን የሚያይ። ስለ ሞገድ አንድ ሐሳብ ባመጣሁ ቁጥር «እሱን በኋላ» ይል ነበር። በኋላው ይኸው መጣለት። አሁን እሱ ይናገር፣ ሰው ደግሞ አይስማው። እንዴት እንደሚያቃጥል ይየው።

ዛሬ ጾም ነው። ቂም ይዤ መጾሜን አባባ ቢያውቅ ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። ስለዚህ አላሰብኩትም።

ሐሙስ

የዘውዱን ራዲዮ ሊዋስ መጣበት። ዘውዱ ጨንቆት ክፍል ውስጥ እያለሁ ደወለ፤ አውሰው አልኩት፣ ራዲዮ ቢቀይር ማን ይሰማዋል?

ማታ በዘውዱ ራዲዮ «አለሁ» አለ። «አይሰማም ጋሼ» አልኩ። ሌሎቹም «አይሰማም»፣ ዛሬ ግን ቀዝቀዝ ብለው። ሳቅ የለም።

ከዚያ ቁልፉን ሳይለቅ፣ ለኛ ሳይሆን ለራሱ፣ «ምናልባት ድምፄ ይሆን» አለ። ሁላችንም ሰማነው። የሚቀጥለውን ስም ጠራሁ፣ እኔ ራሴ ተንተባተብኩ።

አያ ጀንበሬ ስልክ ደወሉ። ኔትወርክ ፍለጋ ጋራውን ወጥተው መሆን አለበት፣ ያለከልካሉ።

«ምነው ልጄ? ሰውየው ከጣራ ይወድቅልሻል።»

አልወደቀም አልኳቸው። እሱ የሰደበሽ በአንድ ምሽት ነው፣ አንቺ ሦስት ምሽት ፈጀሽ አሉኝ። የኔ እኮ የሁለት ዓመት ልፋት ነው አልኩ። እሁድ ቀኔን ሊወስድብኝ፣ ደግሞ ከጎኑ አቁሞ ፎቶ ሊያነሳኝ፣ እርስዎም ሰምተዋል አልኩ።

«ሰምቻለሁ። ከፍቷል። ይሄም ሸጋ አይደለም» አሉና ዘጉት።

ተናደድኩ። በሳቸውም ተናደድኩ። ለሱ ሁሉም ያዝናል። ሰኞ ማታ ለኔ ማን ደወለ?

ዓርብ

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጋሼ ሙላቱን ደጄ ላይ ቆሞ አገኘሁት። እኔ ጋ አዘዞ ድረስ መጥቶ፣ ራዲዮውን በፌስታል ይዞ። መዳፉን በሻሽ ጠቅልሎታል፤ ቆርቆሮ ቆርጦት ነው። ግቡ አልኩት፣ ገባ። ውኃ ሰጠሁት፣ በግራ እጁ ጠጣ።

ራዲዮውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና እይልኝ አለ። ከዚያ ወለሉን እያየ ተናገረ።

«እሁድ አንቺ ተናገሪ። በእንግዶች ፊት አይሰማም ብባል አፈር ነው የምበላው። የኔ ነገር ተበላሽቷል።»

እሺ ጋሼ አልኩት። ሸኘሁት። በሩን ዘጋሁና ግድግዳውን በጥፊ መታሁት።

ያሸነፍኩ ይመስላል፣ አይደል? ምኑን! ቀኑ ያንቺ ነው ብሎ ሳይሆን የሱ ስለተበላሸ ነው የሰጠኝ። ትርፍ ጎማ አደረገኝ። ሰኞ ለፎቶ፣ ዓርብ ትርፍ ጎማ። «አንቺ የሠራሽው ነው» አላለም። «በስብሰባ ተወስኖ ነበር» አላለም። እኔ ደግሞ ቆሜ እሺ ጋሼ!

እጁ ግን ክፉኛ ተቆርጧል። ደሙ በሻሹ ላይ ይታያል። ይኸንንም ጻፍኩት፣ ይጻፍ።

ቅዳሜ

ራዲዮውን ፈታሁት። ምንም እንደሌለው እያወቅሁ ነበር የፈታሁት፤ ግን አለው።

የመናገሪያው ቁልፍ ሥር ለስላሳ መጠጥ ፈስሶበት ደርቋል። መኪናው ውስጥ ከጠርሙሱ ጋር አንድ ላይ ይወረውረዋል፣ መቼም አውቀዋለሁ። ስጫነው ገብቶ ይቀራል። አንዳንዴ ይመለሳል፣ አንዳንዴ አይመለስም። የሰኞው ነገር ይኸው ነው። እጄ ላይ ይዤ ደጋግሜ ተጫንኩት፣ እንደ ሞኝ።

አንድ ክፉ ሐሳብ መጣልኝ። እንዳለ ብመልስለትስ? ተጣብቆ ይቆይ፣ ቤቱ ገብቶ ስለ እያንዳንዳችን የሚለውን አገር ይስማው። ሚስቱን ሲቆጣ ይሰማ፣ በኔ መናገር ሲንገበገብ ይሰማ። እውነቴን ነው፣ ረጅም ጊዜ አሰብኩበት። ክዳኑንም መልሼ ገጠምኩት።

ከዚያ ደግሞ ፈታሁት። በአልኮልና በጥጥ ጠረግሁት። ለሱ ብዬ አይደለም። የተበላሸ ነገር ከእጄ አይወጣም፣ በቃ።

ማታ ስም ስጠራ እሱን ዘለልኩት፤ ራዲዮው እኔ ጋ ነው። ያለሱ «አለሁ» ጥሪው አጭር ሆነ።

እሁድ

ከቅዳሴ በቀጥታ ክበቡ ቤት። እንግዶች መጡ፣ ወንበር ጠፋ፣ ዳቦ ተቆረሰ። እሱ ለእንግዶቹ ድምፄ እያስቸገረኝ ስለሆነ ስንዱ ትናገራለች አላቸው። ደግሞ ጉሮሮውን ያዝ አደረገ።

አያ ጀንበሬ ጋራው ላይ ማሽኑን ከፈቱ። ቁልፉን ተጫንኩ። አባባን ጠራሁ። ምንም። ደግሜ ጠራሁ፣ ምንም። አንዱ እንግዳ ሳለ። ሦስተኛውን ስጠራ የአባባ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«ስንዱ፣ ሰማሁሽ። ቀስ ብለሽ ተናገሪ እንጂ፣ ምነው ሁልጊዜ እንደተቆጣሽ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አለቀስኩ፣ አላፈርኩም። እንዴት አደርክ፣ ጉልበትህ እንዴት ነው አልኩት። ደህና ነኝ፣ ተማሪዎቹ ራዲዮዋን ለማየት ተጋፍተው አስቸግረውኛል አለ። ሁሉንም መርቆ ዘጋ። ያ ሁሉ ተራራ እዚያው ቆሞ ሳለ!

ሲያጨበጭቡ ጋሼ ሙላቱም አጨበጨበ፣ ለተቆረጠው እጁ እየተጠነቀቀ። ያኔ ራዲዮውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። የክበቡ ሰው ሁሉ አጠገባችን ነበር።

«ምን ሆኖ ነው?» አለኝ።

«የመናገሪያው ቁልፍ ይጣበቅ ነበር። ሲጫኑት አይመለስም።»

ቁልፉን አየው። ተጫነው፣ ለቀቀው። ኢንጂነር ነውና አልተዋጠለትም።

«ከተጣበቀማ ያለማቋረጥ ያስተላልፋል እንጂ። ሁሉ ነው የሚሰማ።»

«አዎ ጋሼ» አልኩት። «ሁሉም ነው የተሰማ። ሰኞ ማታ፣ ከጠዳ እስከ አዘዞ።»

ቀስ ብሎ ነው የገባው። ፊቱ ላይ ሲመጣ አየሁት። መንገዱን አስታወሰ፣ ወዳጁን አስታወሰ፣ ያለውን አስታወሰ። ከዚያ ዘወር ብሎ ሰዎቹን አየ። ዘውዱ የዳቦ ፍርፋሪ ከልብሱ ያራግፍ ጀመር። ሌላው ጫማውን ያያል። ጣራውን፣ ኬብሉን፣ ባሕር ዛፉን፣ «ምናልባት ድምፄ ይሆን» ያላትን ሁሉ አንድ ላይ አገኛት። ራዲዮውን ኪሱ ከተተ፣ እንግዶቹን አመሰግናለሁ አለ፣ ወጣ።

ሳምንቱን ሙሉ የጠበቅኋት ደቂቃ ናት። እንደጓጓሁላት ጣፋጭ ናት፣ አልዋሽም። ግን ቶሎ አለቀች።

ሰኞ

ቀኑን ሙሉ አልደወለም። ይሰናበታል አሉ፣ ክበቡን ይተዋል አሉ። ይተው አልኩ። ክፍል ውስጥ አንዱን ተማሪ ያለ ጥፋቱ ተቆጣሁት።

አንድ ሰዓት ሆነ። ስም ጠራሁ። እሱ ጋ ስደርስ ዘውዱ በስልክ ጻፈ፦ እለፊው፣ አይመጣም። አላለፍኩትም። ጠራሁት። ዝም። ደግሜ ጠራሁት። ዝም። ሁሉም ሰው እንደሚሰማ አውቃለሁ፣ አያ ጀንበሬም፣ አሁን ደግሞ ዛሪማ ያለው አባባም።

ሦስተኛ ጠራሁት።

ቁልፉ ተጫነ። ተለቀቀ። ተጫነ፣ ተለቀቀ። ከዚያ ድምፁ መጣ፣ ደረት የሌለው፣ የሽማግሌ ድምፅ።

«አለሁ። ቁልፉ መመለሱን እያየሁ ነው የዘገየሁት።»

ደንቡ ነውና ድምፁ እንዴት እንደሚሰማ መንገር አለብኝ። ሰባቱን ቀን ያጠራቀምኩት ሁሉ አፌ ላይ መጣ። ይቅርታ አልጠየቀም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ይቅር ብዬው እንደሆነ አሁንም አላውቅም።

«ይሰማል ጋሼ» አልኩት፣ የሚቀጥለውንም ስም ጠራሁ።