በሩ ተከፍቶ ያልቆመው ፕሬስ

ሰኞ
ቆርቆሮ የሚቀርጸው ማሽን፣ ፕሬሱ፣ አልቆመም። የአደጋ መከላከያ በሩ ሲከፈት ቀጥ ማለት ነበረበት፤ የሚያስቆመውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። በማሽኑ የሚሠሩት ጋሽ ቶሎሳ የተጣመመ ቆርቆሮ ሊያቃኑ እጃቸውን ሲሰዱ ወረደ። ጓንታቸውን ነክሶ አስቀረው። ጣታቸው ተርፏል፣ ተመስገን።

የጥገና ኃላፊው ሰለሞን «በሩን ሳይከፍቱ እጃቸውን በጎን አስገብተው ነው» ይላል። እሳቸው ግን «በሩን ከፍቻለሁ ልጄ፤ ሌላ የምለው የለኝም» አሉኝ። አመንኳቸው። እንግዲያው ችግሩ እኔ ዘንድ ነው።

ማክሰኞ
ከቱሉ ዲምቱ እስከ ፋብሪካው ላፕቶፔን ታቅፌ አውቶቡስ ላይ ቆሜ መጣሁ። በሩ መከፈቱን የሚያውቀው ሴንሰር ደህና። ሽቦው ደህና። ለሙከራ የሚጫነው የፕሮግራሙ ቅጂ በሩ በተከፈተ ቁጥር ፕሬሱን ያቆማል። ኮዴን ወደ ማሽን ትእዛዝ የሚተረጉመው ኮምፓይለር እንዲፈጥን ያሰናዳው፣ ፋብሪካው የሚጠቀምበት ቅጂ ግን አንዳንዴ ሳያቆም ያልፋል። ኮዱ ያው አንድ ነው!

ሰለሞን መጣ። «ሐሙስ ሥራ ይጀመራል። ለጋሽ ቶሎሳም ማስጠንቀቂያ ይጻፋል።»
«ስህተቱን ሳላገኘው አይጀመርም» አልኩት። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ረቡዕ
አገኘሁት!

ኮምፓይለሩ ያወጣውን ትእዛዝ መስመር በመስመር አነበብኩ። እኔ የጻፍኩት እንዲህ ነበር፦ ቆርቆሮውን ቆንጥጦ የሚይዘውን ፈንክሽን፣ ማለትም የፕሮግራሙን ክፍል፣ ጥራ፤ ሲመለስ የበሩን ምልክት ከሜሞሪ አንብብ፤ ዝግ ከሆነ ፕሬሱን አውርድ። ኮምፓይለሩ ግን ንባቡን ከጥሪው በፊት አምጥቶታል። ፈንክሽኑ ምልክቱን እንደማይነካ አይቶ፣ ቀድሞ ቢያነብ ለውጥ የለውም ብሎ ነው። ምልክቱን ሴንሰሩ በመሀል ሊቀይረው እንደሚችል የነገረው የለም። ቆርቆሮው እየተያዘ ሳለ በሩ ቢከፈት፣ ፕሮግራሙ የያዘው ቀድሞ ያነበበውን «ዝግ» ነው።

የጎደለችው አንዲት ቃል ናት፤ ቮላታይል። «ይሄ ሳታስበው ይቀየራል፤ በተጻፈበት ቦታ፣ ሁልጊዜ ከሜሞሪ አንብበው» ማለት ነው። ጨመርኳት። ትእዛዙን ደግሜ አየሁ። ንባቡ ከጥሪው በኋላ ገብቷል።

ሐሙስ
ጠዋቱን ሙሉ በእጅ ፋንታ እንጨት እያስገባን ሞከርን። ቆርቆሮው እየተያዘ በሩን እንከፍታለን፤ ፕሬሱ ሳይወርድ ከላይ እንዳለ ይቀራል። ሰለሞን እስኪሰለቸው አየ። «ማስጠንቀቂያው ቀርቷል» አለና ሄደ። ጋሽ ቶሎሳን ይቅርታ አልጠየቃቸውም።

ጋሽ ቶሎሳ ቆርቆሮውን ዘረጉልኝ። «መጀመሪያ አንቺ አስገቢው።»
በሩን ከፈትኩ። ቆርቆሮውን አስገብቼ ዘጋሁ፤ እየተያዘ ሳለ ደግሜ ከፍቼ አቃናሁት፣ እጄን አወጣሁ። እሳቸው አዲስ ጓንት አጠለቁና ሥራቸውን ጀመሩ።

ወደ ቤት መሄድ እችል ነበር። ፈረቃቸው እስኪያልቅ ከጎናቸው ቆምኩ።