ምክር ቤት ላልገቡት ተመራጫችን

ለተከበሩ የአካባቢያችን ተመራጭ፣ ለባለቤቴም ታናሽ ወንድም፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ደረትዎም፣ ጉሮሮዎም፣ እንቅልፍዎም እንደሚመኙት ይሁንልዎ፤ እኛ ቤት የጠፋው እርስዎ ዘንድ ይብዛ። በግል ልጽፍልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የግል የሚባል ነገር ሁሉ ስለሚጠሉ በአደባባይ ማድረጉን መረጥሁ።

አንደኛ፦ ስለ ድምፃችን እናመሰግናለን። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ከፈረቃ ወጥቶ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ ተሰልፎ መረጠዎ። እርስዎም ባሸነፉ ማግስት ፋብሪካው በር ላይ ቆመው፣ ምክር ቤቱ የባለሀብቶች ሳሎን መሆኑን፣ እዚያ ገብቶ መማልም ራስን መሸጥ መሆኑን አስረዱን። አጨበጨብንልዎ። ያሳደግሁት ልጅ እንዲያ ሲናገር እኔማ እንዴት እጄን አጣጥፌ ልቁም?

ሁለተኛ፦ የፋብሪካ ባለቤቶች በማቅለሚያ ክፍሎች ውስጥ አየር ማውጫ እንዲገጥሙ የሚያስገድደው ረቂቅ ሕግ በአንድ ድምፅ ልዩነት ወደቀ። እርግጥ ሕጉ ቢጸድቅም ካፒታሊዝም አይፈርስም ነበር፤ ይህን ከእርስዎ ተምረናል። የተማርነው ግን መስኮት በሌለው ክፍል የቀለሙን እንፋሎት እየማግን ስለነበር ትምህርቱ ጉሮሯችን ላይ ቀርቷል።

ሦስተኛ፦ ከእርስዎ በፊት የነበሩት ተመራጭም የእኛው ሰው ነበሩ፤ ገብተው ዓመት ሳይሞላቸው መንገድ ላይ ሲያገኙን ሰላምታ ጠፋባቸው። እንደ እሳቸው እንዳይሆኑ መፍራትዎን አልንቅም፤ እኔም ፈርቼልዎ ነበር። ለአንድ ቀን ብቻ ገብተው፣ እጅዎን አውጥተው፣ ከዚያ ወጥተው እንደ ልማድዎ ባለሀብቶቹን ቢሰድቡ ግን ማን ይቀየምዎ ነበር? እርስዎ ንጹሕ ሆነው ቀሩ። የወንድምዎን የትራስ ልብስ ግን ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ አክታ ይዞ አገኘዋለሁ፤ የማጥበው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ማቅለሚያ ክፍል ዳግም እንዳይገባ ነግሮት ነበር፤ አሁን ግን በእግሩ ከአልጋው እስከ በሩ መድረስም አቅቶታል።

ለማይናወጠው አቋምዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣ መቼም የማይጎድል አክብሮቴ እንዲደርስዎ የምመኝ፣

የወንድምዎ ሚስት፣ የፈትል ክፍል ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ ወንድምህ ይህን ደብዳቤ ቅደጂው ብሎኛል። «ልጁ ልክ ነው፣ አትንኪብኝ» ይላል። ሊጠይቁት የሚመጡት ሁሉ ሲያሙህ ስላንተ ይከራከራቸዋል፤ ከክርክሩ መሀል ግን ትንፋሽ ያጥረዋል። ቶሎ ናና ጨርስለት።