አባትሽ ዝም ብሎ ረታ

ቨርሚሊየን ሐይቅ ዳር፣ ሚኒሶታ
ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 18

ልጄ ካይሳ፣

የአላስካ ባሕር እንዴት ይዞሻል? ጓንትሽን ደርበሽ አድርጊ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ አባትሽ ነው፤ ተቀምጠሽ አንብቢው። ስልክ ሲጮህ ሳውና ቤት ገብቶ የሚደበቀው፣ በሠርጋችን ቀን እንኳ «እሺ» ብሎ ዝም ያለው አባትሽ ከኢንሹራንሱ ጋር በስልክ ተሟግቶ ረታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሐሙስ አራተኛውን ኬሞ መውሰድ ነበረብኝ። ሰኞ ደብዳቤ መጣ፤ መድኃኒቱ «ለሕመሙ አስፈላጊ ሆኖ አልተገኘም» ይላል። እነሱ ካልፈቀዱ ደግሞ ሆስፒታሉ አይሰጠኝም። እስከ ዛሬ እንዲህ ያለውን ሙግት የምይዘው እኔ ነበርኩ፤ አፌን ታውቂው የለ። የዚያን ቀን ግን ከሶፋው መነሣት አቃተኝ። የቤቱን ጉዳይ ሁሉ የምጽፍበትን ቢጫ ደብተሬን ሰጠሁት።

«ዋይኖ፣ ያንተ ተራ ነው።»

«ምን ልበል?»

«ለምን ከለከላችሁ በላቸው። ከዚያ ዝም በል፤ እሱን እንደሆነ ተክነህበታል።»

ጎረቤታችን ቬርና ሾርባ ይዛ መጥታ ነበር። «ዋይኖ በስልክ ሊያወራ? ይሄማ አያምልጠኝ» ብላ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። እሱ ሁለት ሰዓት ሙሉ የማስጠበቂያውን ሙዚቃ ሰማ፤ ፊቱን እንኳ አላጠቆረም። በመጨረሻ አንዲት ልጅ አነሣች። እኛም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ለምን ከለከላችሁ?»

«ጌታዬ፣ ደብዳቤው ላይ ተጽፏል።»

አባትሽ ዝም። እኛ የፊንላንድ ዘሮች መልሱ ካልተዋጠልን ዝም ነው የምንለው፤ ልጅቷ ይህን ከየት ታውቃለች?

«ጌታዬ፣ አሉ?»

«አለሁ።» ደግሞ ዝም።

«እ... እስቲ ፋይሉን ልክፈተው።» ስትተነፍስ ሁሉ ይሰማል። ቬርና ክንዴን ጨምድዳ ይዛለች። «የባለቤትዎ ሕመም የትኛው ጡት ላይ ነው?»

«ቀኝ።»

«ሆስፒታሉ በላከው ጥያቄ ላይ የተሞላው የግራው ጡት መለያ ቁጥር ነው። ምርመራው ደግሞ ቀኝ ይላል። ለካ ለዚህ ነው የተመለሰው።»

አሁንም ዝም።

«እኔው ራሴ ሐኪሟ ጋ ደውዬ አስተካክላለሁ» አለች ምስኪን።

«ስምሽ ማነው?» አለና ደብተሩ ላይ ጻፈው።

ረቡዕ ፈቃዱ መጣ፤ ሐሙስ መድኃኒቴን ወሰድኩ። ቬርና ወሬውን ለከተማው አዳርሳው ኖሮ፣ ቅዳሜ ሚስማር ሊገዛ ዕቃ መደብር ሲገባ አጨበጨቡለት። ጆሮው እስኪቀላ አፍሮ ሚስማሩን ሳይገዛ ተመለሰ። በአርባ አንድ ዓመት ትዳራችን እንደዚያ ቀን ኮርቼበት አላውቅም።

አሁን ደብተሩ የሱ ነው። የባንኩን ወረቀት፣ የማሞቂያውን ጋዝ የሚያመጣውን ሰውዬ ቁጥር፣ የክረምት ብርድ ልብሱ የት እንዳለ ሁሉንም አሳይቼዋለሁ። ሄል የገባበትን ጥምዝ ዳቦም ሁለቴ ጋግሯል፤ ሁለተኛው ይበላል። ትናንት ደግሞ ያንቺን ስልክ ቁጥር በትልልቁ አድርጎ መጀመሪያው ገጽ ላይ ጻፈው።

ከደወለልሽ፣ ልጄ፣ ዝም ቢል እንዳትዘጊበት። ጠብቂው።

ባሕሩ ይለዝብልሽ፣ መረብሽ ይሙላ።

እናትሽ ሄልሚ